ስኳር እግርን ሲያደነዝዝ፦ ስለ ወክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ከሚሴ፣ ስኳር ያለበትን ሰው «ወክ አድርግ» የማይለው የለም። ሐኪሙ ይለዋል፣ ጎረቤቱ ይለዋል፣ ልጁም ይለዋል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ይህን ምክር ሲሰማ ስጋት ይገባዋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከሕሙማንም ከአስታማሚ ቤተሰቦችም አዘውትረው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የሐኪማችሁን ምክር አይተኩም፤ ለክትትል ስትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያሳያሉ።

እግሬ ደንዝዟል። ወክ ማድረግ አይጎዳኝም?

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ይህንኑ ይፈሩ ነበር። የማይሰማ እግር ክብደት ሲበዛበት ይቆስላል ተብሎ፣ ነርቩ የተጎዳ ሰው ቁጭ ብሎ ወይም ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ ይመከር ነበር። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤነኛ እግር ጠጠር ሲገባበት ያነክሳል፣ ጫማ ሲጠበው ያማርራል። የደነዘዘ እግር ጠጠሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

ኋላ ላይ ነገሩ ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት የእግር ነርቫቸው የተጎዳ 79 የስኳር ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ሁለቱም ቡድኖች የእግር እንክብካቤ ተማሩ። አንደኛው ቡድን በዚህ ላይ እግር የሚያጠነክር እንቅስቃሴና የእግር ጉዞ ጨመረ። የተራመዱት ካልተራመዱት የበለጠ አልቆሰሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበርም ምክሩን አስተካከለ፤ ነርቩ የተጎዳ ሰው የተከፈተ ቁስል እስከሌለበት ድረስ መጠነኛ የእግር ጉዞ ማድረግ ይችላል አለ። የስኳር ሕሙማንን እግር የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ፣ የመቁሰል አደጋቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የሆነ ሰዎች በየቀኑ ከለመዱት ላይ 1000 እርምጃ ቢጨምሩ የሚያሰጋ አይደለም ይላል። 1000 እርምጃ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዝም ብለው አልተራመዱም። የእግር እንክብካቤ ተምረዋል፣ ክትትልም ነበራቸው። ስለዚህ «መራመድ አይጎዳም» የሚለው ቃል የሚሠራው ነርቩ መናገር ያቆመውን ነገር ዓይናችሁ ተክቶ ሲያይላችሁ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ወሎ ለደነዘዘ እግር እንግዳ አይደለም። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ነው። ያም በሽታ እግርን ያደነዝዛል። እነዚያ ሕሙማን የሚማሩት ትምህርት፣ በየቀኑ እግርን ማየት፣ ማጠብ፣ በጫማ መጠበቅ፣ ለስኳር ሕመምተኛም ያው ነው።

ነርቤ መጎዳቱን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው ጣቶቹ ላይ ጉንዳን እንደሚሄድበት፣ ውስጥ እግሩን እንደሚያቃጥለው ወይም ጥጥ ላይ የሚራመድ እንደሚመስለው ይናገራል። ምንም ሳይሰማው ነርቩ የተጎዳ ሰውም አለ። ይህኛው የበለጠ ያሰጋል፤ ምክንያቱም የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም።

ሐኪም ቤት ውስጥ በ10 ግራም ኃይል በሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ወይም ሲመታ በሚነዝር ሹካ መሰል ብረት ይለካል። እቤት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቤተሰብ በጣቱ ጫፍ የአውራ ጣታችሁን፣ የመሃል ጣታችሁንና የትንሿን ጣት ጫፍ በየተራ በስሱ ይንካ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ፣ ሳይጫን፣ ሳያሻሽ። በሁለቱም እግር ስድስት ቦታ ይሆናል። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካላወቃችሁ ስሜታችሁ ቀንሷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ክትትል እግራችሁ እንዲመረመር ጠይቁ። ጫማ ሳያስወልቁ ካሸኟችሁ እናንተው አውልቁና አሳዩ።

ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ስለ ቫይታሚን ቢ12ም ይጠይቅ። መድኃኒቱ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፣ የቢ12 እጥረትም ራሱን ችሎ እግር ያደነዝዛል። ይህኛው ጉዳት የሚታከም ነው።

ወክ መጀመር የሌለበት ማነው?

ውስጥ እግሩ ወይም ጣቱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ባያምም። ቁስል የሚድነው ክብደት ሲነሳለት ነው፤ እየረገጡት አይድንም።

እግሩ በድንገት ያበጠ፣ የቀላና ከሌላኛው እግር ይልቅ የሞቀ ሰውም እንዳይራመድ። ሐኪሞች ሻርኮ የሚሉት የእግር አጥንት መሰባበር እንዲህ ነው የሚጀምረው። ብዙም ስለማያም «ወለምታ ነው» ተብሎ ወጌሻ ጋ ይኬዳል፣ ይታሻል። በዚህ ጊዜ መታሸትም መራመድም አጥንቱን ያፈርሰዋል። እግራችሁን ሰቅላችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ሲራመድ ባቱን የሚይዘው፣ ሲቆም የሚተወው ሰው የደም ሥሩ ጠቦ ይሆናልና ቀድሞ ይታይ። ደረቱን የሚጨንቀው፣ ከመቀመጫ ሲነሳ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ ተቀምጦም ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታበት እንዲሁ። ስኳር የልብን ነርቭም ይነካል። ያኔ የልብ ሕመም ያለ ሕመም ሊመጣ ይችላል።

ወክ ነርቤን ያድነዋል?

እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ። ስኳርን ያወርዳል፣ ጡንቻን ያጠነክራል፣ አረማመድን ያስተካክላል፣ መውደቅን ሊቀንስ ይችላል። ጉዳቱ እንዳይብስ ዋናው ነገር ስኳርን መቆጣጠር ነው፤ ወክ ለዚያ ያግዛል። ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

ወክ ለማድረግ ወጪ የሚጠይቀው ነገር ጫማ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ አትሰስቱ። ውድ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሸራ ሆነ ስኒከር፣ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ ለስላሳ፣ በክር ወይም በማጣበቂያ የሚታሰር ይሁን። ነጠላ ጫማ ለወክ አይሆንም፤ ጣት ክፍት ነው፣ እግርም ውስጡ ይንሸራተታል። የፕላስቲክ ጫማ ላብ ይይዛል፣ ጠርዙም ይፍቃል። በረባሶ ብዙ ሰው የለመደው ቢሆንም የጎማው ማሰሪያ ቆዳ ይልጣል፣ ለደነዘዘ እግር ግን አያስታውቅም። ሹል ጫማና ታኮ ለሠርግም ቢሆን ይቅር።

ጫማ ስትገዙ ስሜታችሁን አትመኑ። የደነዘዘ እግር የሚጠበውን ጫማ «ልክ ነው» ይላል፣ ምክንያቱም ሲጠብቅ ነው የሚሰማው። ይልቅ እቤት ቆማችሁ እግራችሁን ካርቶን ላይ አስነድፉ። ካርቶኑን ቆርጣችሁ ገበያ ይዛችሁ ሂዱ። ጫማው ውስጥ ሲገባ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይቅር። ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ቀኑን ውሎ ያብጣል። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት እግር የጎደጎደበትን፣ ሶሉ በአንድ ወገን የተበላውን ተዉት።

አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ለወክ አይደረግም። ለአንድ ሰዓት እቤት አድርጉት፣ አውልቁና እግራችሁን እዩ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ።

ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ሁልጊዜ እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱ። ጠጠር፣ ሚስማር፣ የልጅ መጫወቻ፣ የተጨማደደ ገበር፣ ይህ ሁሉ ጫማ ውስጥ ይገኛል። ካልሲ የጥጥ ወይም የሱፍ፣ ነጣ ያለ ቀለም ይሁን። ደም ወይም ፈሳሽ ከነካው ነጭ ላይ ቶሎ ይታያል።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ ይወልቃል። ምን ላድርግ?

እምነት የሚጠይቀውን መተው አያስፈልግም። ንጹሕና ወፈር ያለ ካልሲ አድርጋችሁ ግቡ። ትርፍ ካልሲ ቦርሳ ወይም ጋቢ ውስጥ ይኑር፤ ጭቃ ወይም እርጥበት የነካውን ወዲያው ቀይሩ። ባዶ እግር የሚያሰጋው በተለይ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጠጠርና እሾህ ያለበት ግቢ ነው። ሁለተኛው የቀትር ፀሐይ ያጋለው ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። ኮምቦልቻና ባቲ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እግሩ የማይሰማው ሰው ቆዳው ውኃ እስኪቋጥር ድረስ የጋለ ነገር ላይ መቆሙን አያውቅም።

ለሙስሊም ወገኖቻችን ውዱእ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እግር የሚታጠብ ሰው እግሩን አምስት ጊዜ የማየት ዕድል አለው። ሁለት ነገር ብቻ ይጨመር። የሞቀ ውኃ ከሆነ ሙቀቱ በክርን ይለካ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል በደንብ ይደረቅ፤ እዚያ የቀረ እርጥበት ቆዳን ይልጣል፣ ፈንገስም ያመጣል።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የት ልራመድ?

በደነዘዘ እግር ወደ ጦሳ ተራራ በመውጣት አትጀምሩ። ዳገት ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ለእግር የሚከፋው ግን ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ ጣቶች ከጫማው ፊት ጋር ይጋጫሉ፣ የሰውነት ክብደትም ፊተኛው ውስጥ እግር ላይ ይወድቃል። ቁስል የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው። ኮብልስቶን ደግሞ እግር ያጣምማል፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል።

ሰፈራችሁ ተዳፋት ከሆነ ሜዳው ድረስ በባጃጅ ውረዱ፣ እዚያ ተራመዱ፣ በባጃጅ ተመለሱ። ይህ ስንፍና አይደለም። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የኳስ ሜዳ ዳር፣ አስፋልት ዳር ያለ የእግረኛ መንገድ፣ ሰፊ ግቢ ሁሉ ይሆናል። የኮምቦልቻ ሰው ሜዳው አለለት፤ እሱ የሚጠነቀቀው ለሙቀቱ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ ይውጣ። ሐይቅ ከተማ የሚኖር ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ያለውን ደልዳላ መንገድ ይምረጥ፤ ጭቃውንና ረግረጉን ይሽሽ።

በጨለማ አትውጡ። እግር መሬቱን ካልነገራችሁ ሚዛን የምትጠብቁት በዓይን ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም ታጣላችሁ። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄዱም ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይኑር። ክረምት ላይ ዝናቡ አላስወጣ ካለ እቤት ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ወክ ነው፤ ግን ጫማ አድርጋችሁ።

ከዘራ መያዝ አያሳፍርም። እኛ ጋ እንኳን የታመመ ጤነኛ አባትም ይይዛል። አንዱ እግራችሁ ከደከመ ከዘራውን በሌላኛው ወገን እጅ ያዙት።

በስንት ደቂቃ ልጀምር?

እንደ አቅማችሁ። ተቀምጦ የኖረ ሰው በ5 ደቂቃ ይጀምር። የሚንቀሳቀስ ሰው በ10። መጀመሪያ ሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እግር ይረፍ። እግራችሁ ምልክት ካላሳየ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። የሚደረስበት ግብ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በአምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው። እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ምንም አይደለም። ሠላሳውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ መጨረስም የለባችሁም። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ ማድረግ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያወርዳል፣ ለእግርም ይቀላል።

ፍጥነቱን በወሬ ለኩት። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ።

አንድ ቀን ድንገት ብዙ መሄድ ከሁሉ ይከፋል። ሳምንቱን ተቀምጦ ሰኞ ባቲ ገበያ ሙሉ ቀን መዋል፣ ወይም ለቅሶ ብሎ ሩቅ መንገድ በእግር መሄድ። ቆዳ ጫናን የሚለምደው በጥቂት በጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መሃል ላይ አረፍ በሉ፣ ጫማ አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ።

ከወክ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ?

አለ፣ እና ብዙ ሰው ይዘለዋል። እግር ሲደነዝዝ ሚዛን ይጠፋል፣ የቁርጭምጭሚት ጡንቻም ይደክማል። ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ይዛችሁ ተረከዛችሁን አንሡ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ፤ አሥር ጊዜ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በእጃችሁ ሳትደገፉ ተነሡ፣ ተቀመጡ። ግድግዳ ይዛችሁ በአንድ እግር ለአሥር ሰከንድ ቁሙ። ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስቀመጣችሁ በመስመር ተራመዱ። መጀመሪያ ላይ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻላችሁ አረማመዳችሁን ያይላችሁ፤ በአንድ ቀጠሮ እንኳ ብዙ ያስተካክላል።

መድኃኒት እየወሰድኩ ስኳሬ ቢወርድብኝስ?

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ብዙም አያሰጋውም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ግን ይጠንቀቅ። መለኪያ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ከ100 በታች ከሆነ ትንሽ ዳቦ ወይም ሌላ ነገር ቅመሱ። ከ250 በላይ ሆኖ የሚያቅለሸልሻችሁ ወይም የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ወክ ይቅር፣ ሕክምና ሂዱ። ኢንሱሊን የምትወጉ ከወክ በፊት ጭን ላይ አትውጉ፤ የሚሠራ ጡንቻ መድኃኒቱን ቶሎ ይስበዋል። ሆድ ይሻላል።

ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ከራባችሁ፣ ግራ ከተጋባችሁ ቁሙ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት። ነርቭ ሲጎዳ እነዚህ ምልክቶች ራሳቸው ሊደበዝዙ ስለሚችሉ ብቻችሁን ሩቅ አትሂዱ።

በጾምና በረመዳን ወክ ላቁም?

ሰዓቱን ቀይሩት። ከአፍጥር በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾምም ምግብ የሚቀርብበት ሰዓት ሲቃረብ፣ ስኳር በቀላሉ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ከበላችሁ በኋላ ተራመዱ። ተራዊሕ የሚሰግድ ሰው ያ ራሱ እንቅስቃሴ ነው፣ ይቆጠርለት። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱና የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከል። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ በዚያው ይፈታ። የሃይማኖት አባቶችና ኡለማዎችም ለታመመ ሰው ይህን አይከለክሉም።

ከወክ መልስ እግሬን ምን ብዬ ልየው?

ሁለቱንም ካልሲ አውልቁ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጡ። ውስጥ እግርን፣ ተረከዝን፣ በጣቶች መካከል ያለውን ሁሉ እዩ። ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጉ ወይም ልጅ ጠርታችሁ አሳዩ። ዓይናችሁ ደካማ ከሆነ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ነው።

የቀላ ቦታ ካለ ጥቂት አርፋችሁ እንደገና እዩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ጫማው እዚያ ቦታ ላይ እየጎዳችሁ ነው። በእጃችሁ ጀርባ ሁለቱን እግሮች እያስተያያችሁ ዳብሱ። አንዱ ቦታ ከሌላኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ይልቅ ከሞቀ ለሁለት ሦስት ቀን ወክ አቁሙ፤ ካልበረደ ታዩ። የቆዳ ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው በ2.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መብለጡን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰድ። ውኃ የቋጠረ ካለ አታፍርጡት። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አትቁረጡ፤ ብዙ እግር የተቆረጠው በዚያ ተጀምሮ ነው። ጥፍርን ከታጠባችሁ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ቆዳው ከደረቀ ቫዝሊን ቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ።

ሌሊት እግሬን ይበርደኛል፣ ያቃጥለኛልም። እሳት ልሙቅ?

በፍጹም። የደሴ ብርድ የከሰል ምድጃ ያስናፍቃል፣ አውቃለሁ። ግን በየብርዱ እግሩን ምድጃ ላይ አቃጥሎ ጠዋት የሚያውቅ ሰው አለ። የሞቀ ውኃ የተሞላ የላስቲክ መያዣም፣ ፍል ውኃም ያው ነው። ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ለማቃጠሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ስላለ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ተቀምጣችሁ የምትውሉ ከሆነ፣ ዱአ ላይ ሆነ ቡና ላይ ሆነ በርጫ ላይ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥታችሁ ጥቂት ተንቀሳቀሱ። እግር አጣጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ጉልበት ጎን ያለውን ነርቭ ይጫናል።

ቀጠሮዬ ከወር በኋላ ነው። መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

የተከፈተ ቁስል፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ጣት፣ በድንገት ያበጠና የሞቀ እግር፣ ወይም ከእግር ቁስል ጋር ትኩሳት ካያችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። ሩቅ ገጠር ከሆናችሁ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርላችሁ፣ ወደ ሆስፒታል ይላካችሁ። በእግር አትሂዱ፤ በመኪና፣ በባጃጅ ወይም በበቅሎ ሂዱ፣ እግሩ መሬት እንዳይረግጥ። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ሆነ የጥርስ ሳሙና አታድርጉ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የምትወስዱትን መድኃኒትና የክትትል ካርዳችሁን ያዙ፣ ወክ የምታደርጉበትን ጫማም ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።